ቅርብ ሰው

ዱርሲቱ በዚያ ስብሰባ ላይ እጇን ያወጣችው ከልቧ ነበር። ማንም አላስገደዳትም። ቡራዩ አስፋልቱ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ ሦስት ሆነው ተቀምጠው፣ «ብይ» የተባለው የጌም ሱቃቸው የሚከፈልበት አባልነት ይጀምር አይጀምር ሲከራከሩ አረፈዱ። ብይ በስልክ የሚከፈት ሱቅ ነው። የአገር ልጆች የሠሯቸውን ጌሞች ሰው እዚያ ገብቶ ያወርዳል፣ ይጫወታል፣ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር ይገጥማል። ከሁሉ የሚወደደው ገበጣው ነበር።

የሱቁ ባለቤት ዕድላዊት ናት። የአዲስ አበባ ኪራይ ሲያስመርራት ቤቷንም ሥራዋንም ጠቅልላ ቡራዩ የገባች፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎም የምትረሳ ሴት።

«በማስታወቂያ ብቻ አንዘልቅም» አለች። «ሰው በነጻ ይጫወት፣ አልከለከልኩም። የወደደ ግን ይክፈልና ፕሪሚየም ይሁን። ማስታወቂያ አይረብሸው፣ አዲስ ጌም ቀድሞ ይድረሰው፣ ሲደውል ወረፋ አይጠብቅ። ይኼ ምን ነውር አለው?»

ፕሮግራሙን የሚጽፈው ቢንያም ራሱን ነቀነቀ። «ነውር የለውም። ግን ሰው አንዴ ከከፈለ በየወሩ ‘ምን ጨመራችሁልኝ?’ ይላል። እኛም እንጨምራለን። የምንጨምረው ሲያልቅብንስ ምን ልንሸጥ ነው?»

«ሲያልቅብን እናያለና!»

ዱርሲቱ የደንበኛ ስልክ የምታነሳዋ ናት። ገንዘቡ ካልመጣ መጀመሪያ የምትቀነሰው እሷ እንደሆነች አልጠፋትም፤ ግን እጇን ያወጣችው ለዚያ ብቻ አልነበረም። ሰው ለሚወደው ነገር ቢከፍል ምን አለበት ብላ ነው። ሁለት ለአንድ ሆነ፤ አባልነቱም ተጀመረ።

«ቅርብ ሰው» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባላቱ እንደታሰበው አልበዙም። አንድ ጠዋት ዕድላዊት ፊቷ በርቶ ገባችና ሐሳቡን ዘረገፈችው። ፕሪሚየም የሆነ ሰው፣ አብሮት የተጫወተው ሰው በየትኛው ከተማ እንዳለና ከእሱ ምን ያህል እንደሚርቅ ስልኩ ያሳየው። ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኝ፣ የሰፈር ልጆች ቡድን ይመሥርቱ። ተጫዋቹ እንደሆነ ጌሙን ሲያወርድ «ያሉበትን ቦታ እንድናይ ይፈቅዳሉ?» የሚለውን አዎ ብሎ አልፎታል፤ አንብቦ የሚያልፍ ግን የለም። ቢንያም እያጉረመረመ ሠራው። ዱርሲቱ ደግሞ በገበጣ ተዋውቀው የሚጋቡ ወጣቶች ታይተዋት ፈገግ አለች። እህቷ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለቻትም።

እህቷ ኤቢሴ ናት። ቤተሰባቸው ከገፈርሳ ውኃ በላይ ሲያርስ የኖረ ነው። ኤቢሴ ለሰበታው የመለዋወጫ ነጋዴ ለዲሪባ ስትዳር አገር ተደስቶ ነበር። ዲሪባ ከለቅሶ የማይቀር፣ ለቸገረው የሚያበድር፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥም ከፍ አያደርግም። በሩን ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንድ ቀን የፊት ጥርሷን አረገፈው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ትዳር ነው ቻይው ብለው መለሷት። ሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ሽማግሌ አልጠበቀችም። ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣችና ሱሉልታ ገባች። እዚያም ሯጮች በሚያርፉበት ግቢ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች።

የት እንዳለች ከዱርሲቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናታቸው እንኳ አታውቅም። ኤቢሴ ቁጥሯን ቀየረች፣ ጸጉሯን ቆረጠች፣ በሻሽ ተሸፈነች። ያልተወችው ገበጣዋን ብቻ ነው። በጨዋታው ላይ ስሟ «ሲምቢሮ» ነው፤ በኦሮምኛ ወፍ ማለት ነው፤ እናታቸው በልጅነቷ ያወጣችላት ስም። በዚያ ስም ብዙ ሰው አሸንፋ፣ ብዙ ደረጃ ወጥታ ነበር። ከዚያ ቤት ይዛው የወጣችው የራሴ የምትለው ነገር እሱ ስለሆነ መጣል አቃታት። ዱርሲቱም ጣይው አላለቻትም። አመሻሽ ላይ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ኤቢሴ አሸንፋ ስትሳለቅባት፣ ዛሬም ደህና ዋለች ብላ ዱርሲቱ እፎይ ትላለች።

ያን ቀን ስልኩ የጠራው ከምሳ በኋላ ነው። ፕሪሚየም ደንበኛ ሲደውል የዱርሲቱ ኮምፒውተር ላይ ቢጫ ምልክት ይበራል፤ ሌላውን ሁሉ አስቁማ እሱን ማንሳት አለባት።

«ብይ የጌም ሱቅ፣ ምን እንርዳዎት?»

«እንደምን ዋልሽ የኔ እህት።»

ዱርሲቱ ያን ድምፅ ከመቶ ድምፅ መሃል ትለየዋለች። ዝግ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ሰው የሚያባብል የሚመስል ድምፅ።

«አንድ ቅሬታ ነበረኝ። ፕሪሚየም ገዝቻለሁ፤ ቅርብ ሰው የምትሉት ነገር ግን አልሠራ አለኝ።»

ድምጿን አቀጠነችው። እንደ አዲስ አበባ ልጅ ቶሎ ቶሎ ለመናገር ሞከረች። «እሺ ጌታዬ፣ ምን አጋጠመዎት?»

«አንዲት ተጫዋች አለች፤ ሲምቢሮ ትባላለች። ድሮ አብረን እንጫወት ነበር። ሱሉልታ ናት ይለኛል። ይኸው እኔም ሱሉልታ መጣሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ይልና፣ ወደዚያ ስነዳ ሦስት ይላል። ስመለስ ደግሞ ይቀንሳል።» ሳቅ አለ። «እየሸሸችኝ ነው ወይስ የእናንተ ነገር ተበላሽቶ ነው?»

ከእሱ ድምፅ ጀርባ ንፋስ ይሰማል። የሚኒባስ ረዳት «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» እያለ ይጣራል። ዲሪባ ሰበታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም የሚያወራው። የእህቷ ደጃፍ ላይ ነው ያለው።

«አንድ አፍታ ይጠብቁኝ፣ ላጣራልዎ» አለችና ድምጿ እንዳይሰማው ዘጋችው። አንገቷን አዙራ ቢንያምን ፈለገችው፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ብትጠራው አይሰማም። ተነስታ ብትሄድ ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ፍለጋውን ይቀጥላል። ማሰቢያ ጊዜ የለም። አፏ ላይ የመጣላትን ያዘች።

«ጌታዬ፣ ስለጠበቁን እናመሰግናለን። የእርስዎ ስልክ መረጃው ዘግይቶበት ነው። በእኛ በኩል ተጫዋቿ የምትታየው ጫንጮ ነው። ከሱሉልታ አልፎ፣ ጫንጮ ከተማው ውስጥ።»

«ጫንጮ» አለ ቆይቶ።

«አዎ ጌታዬ።»

«አሃ።» ከዚያ በዚያው ዝግታ፣ ዘመድ ዘመድን እንደሚጠይቅ፣ «ዱርሲቱ፣ እናትሽ ደህና ናት?» አለ።

ስልኩ ተዘጋ።

እንዴት እንደተነሳች አታስታውስም። ወንበሩ ወድቋል። ቢንያም ማዳመጫውን አውልቆ ይዟታል፤ ዕድላዊት ከወዲያኛው ክፍል ሮጣ መጥታለች። ለሰው ተናግራው የማታውቀውን ነገር ሁሉ፣ ጥርሱን፣ ቁልፉን፣ ዘንቢሉን፣ እየተንተባተበች ዘረገፈችው። እያወራችም ለእህቷ ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ይጠራል፣ አይነሳም።

«ቅርብ ሰውን ዝጋው!» አለች ዕድላዊት ለቢንያም። ከዚያ ግን አፏን ያዝ አድርጋ፣ «ቆይ… የእሷን ብቻ መደበቅ ይቻላል? ሌላው ሰው ለዚህ ብሎ ነው የከፈለው። ዛሬ ድንገት ብናጠፋው—»

ቢንያም ዞሮ አያት። ክፉ ቃል አልተናገረም። «የእሷን አሁን እደብቃለሁ፤ ቶሎ የሚሆነው እሱ ነው» አለ። «ግን የሌላዋንስ? ሌላ ኤቢሴ እንደሌለች በምን አወቅሽ?»

ዕድላዊት የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። «ነይ» አለቻት ዱርሲቱን። «ሚኒባስ እየቀያየርሽ አትደርሺም።»

የዕድላዊት ቪትዝ መኪና አስኮን አልፋ ዊንጌት ስትደርስ መንገዱ ተጨናንቆ ቆመ። ዱርሲቱ መደወሏን አላቋረጠችም። የማይነሳ ስልክ ከተዘጋ ስልክ ይብሳል። የተዘጋ ስልክ ባትሪው አልቆ ይሆናል ይባላል። የሚጠራ ግን የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው እጅ ላይ ሆኖ ነው የሚጠራው። የማን እጅ?

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዕድላዊት መሪውን በሁለት እጇ አንቃ። «ያን ነገር ሳወጣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነበር። አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ!»

«አልታየኝም። አንቺስ ታይቶሽ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? እኔ እህት አልደበቅኩም።»

ከፊታቸው ያለው የጭነት መኪና ትንሽ ተንቀሳቀሰና ደግሞ ቆመ።

«አባልነቱ በራሱ ምን አጠፋ?» አለች ዕድላዊት፤ ራሷን የምትጠይቅ ትመስላለች። «ሙዚቃ ሲሸጥ በአባልነት ነው፤ ፊልም በአባልነት ነው። ጌም ሲሆን ኃጢአት ነው? ሠራተኛ የምከፍለው ከየት አምጥቼ ነው?»

«ጌም ሽጭ» አለች ዱርሲቱ። «ደረጃ ሽጭ፣ ጌጥ ሽጭ። እህቴን ግን ለዲሪባ ሸጥንለት። እሷ እንደሆነ አንድም ቀን ይሸጡኛል ብላ አልጠረጠረችም፤ በነጻ የምትጫወት ነው የመሰላት።»

ዕድላዊት መኪናዋን በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አሹልካ አለፈች። አዲሱ ገበያን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ቪትዟ ትንፋሽ አጠራት። በባሕር ዛፎቹ መሃል ጉም ወርዶ ነበር። ቢንያም ደወለ፤ ዕድላዊት ድምፁን ለሁለቱም ከፈተችው።

«ደብቄያታለሁ» አለ። «ከአሁን በኋላ አያያትም። ግን አንድ ነገር እወቁ። ገጹን ሳይዘጋ ከያዘው፣ መጨረሻ ያየው ቦታ ስልኩ ላይ ይቀራል።»

«መጨረሻ ያየው ምን ያህል ቅርብ ነበር?» አለች ዱርሲቱ።

«በጣም ቅርብ» አለ ቢንያም።

ሱሉልታ ሲገቡ ሰማዩ ከብዶ ነበር። የሯጮቹ ግቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ነው። ዱርሲቱ መኪናዋ ሳትቆም ወርዳ በሩን በጡጫዋ ደበደበችው። የግቢው ዘበኛ ኦቦ ዋቆ በበሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍተው አዩዋት።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ዋቆ፤ ኤቢሴ አለች? የሚፈልጋት ሰው መጥቶ ነበር?»

«ናገኣ ልጄ፣ ምነው ምን ሆነሻል? እኔ በር ላይ ሆኜ ማን ይገባል? ውስጥ አለች፣ ግቢ» አሉና ከፈቱላት።

ኤቢሴ ከጓሮ እርጥብ ቱታ በገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። እህቷን ስታይ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ፊቷን ስታይ ግን የያዘችው ቱታ ከእጇ ወደቀ። «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?»

ዱርሲቱ አቀፈቻት። እርጥብ፣ ሙሉ፣ ሕያው ነበረች። ለቅጽበት ዓለም ሁሉ የዳነ መሰላት። ከዚያ ግን፣ «ስልክሽስ?» አለቻት።

«ሶያማ ይዛዋለች። የእሷ ስልክ ተሰብሮባት፣ ሩጫዋን የምትለካበት አጥታ ነው ያዋስኳት። ወገቧ ላይ አስራው ነው የምትሮጠው።» ኤቢሴ የእህቷን ፊት እያየች ቀስ ብሎ ገባት። «ዲሪባ ነው?»

ዱርሲቱ ራሷን ነቀነቀች። አንዴ አንድ፣ አንዴ ሦስት እያለ የሚያታልለው ቁጥር ምን እንደነበር ያኔ ተገለጠላት። ሰውዬው ሲያሳድድ የዋለው የሶያማን ሩጫ ነው። ሶያማ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ለመሮጥ ብላ ከቤተሰቧ ርቃ የመጣች፣ ከኤቢሴ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራ። ስለ ዲሪባ የምታውቀው አንዳች ነገር የለም።

«አንቺ እዚህ ቆዪ፤ ኦቦ ዋቆ በሩን ይቆልፉልሽ» አለች ዱርሲቱ።

«እኔ ተደብቄ እሱ ልጅቷን ያግኛት? አላደርገውም።» ወደ መኪናው ሄደች። «የት እንደምትሮጥ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ከኋላ ወንበር ወለሉ ላይ ተኛች። ዕድላዊት ለዝናብ ብላ የያዘችውን ትልቅ ጃኬት አለበሰቻት። ኤቢሴ ከጃኬቱ ሥር ሆና መንገዱን ትነግራቸው ጀመር፤ በወፍጮ ቤቱ ታጠፉ፣ ድልድዩን ተሻገሩ፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ሜዳው ይታያችኋል።

ሜዳው ታየ። ነጩ የዲሪባ ፒካፕ ጠርዙ ላይ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ከእሱ ወዲያ የሯጮች ክብ አለ። ከክቡ መሃል ዲሪባ የኤቢሴን ስልክ በእጁ ይዞ ከሶያማ ፊት ቆሟል።

«አለ?» አለ ከጃኬቱ ሥር የኤቢሴ ድምፅ።

«አትነሺ» አለች ዱርሲቱ። ወረደች። ሜዳው ረጅም ነበር። ዕድላዊት ሞተሩን ሳታጠፋ ከመሪው ጋር ቀረች።

ዲሪባ ሲያያት አልደነገጠም። «ዱርሲቱ! እንደምን ዋልሽ» አለና ለተሰበሰበው ሰው ዞረ። «ይኸው፣ እህቷ ራሷ መጣች። ነግሬያችሁ የለም? የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ታማ ከቤት ወጥታ ጠፍታብኝ ስንት አገር ዞርኩ። ስልኬ የሚያሳየኝን ርቀት ተከትዬ ብመጣ፣ ስልኳ ይኸው ከዚች ልጅ ወገብ ላይ ተገኘ። የት እንዳለች ትንገረኝ ብዬ ብጠይቅ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ነጥቆኝ ነው!» አለች ሶያማ። ክንዷን ይዛለች። «በመኪና መንገድ ዘግቶብኝ፣ ከወገቤ በጥሶ ነው የወሰደው።»

አሠልጣኙ በእድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። አንዴ ዲሪባን፣ አንዴ ዱርሲቱን ያያል። ዲሪባ ጨዋ ይመስላል፤ ኮቱ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተመጠነ ነው። «የባልና ሚስት ነገር ከሆነማ…» አለ አሠልጣኙ፤ «እኛ መሃል ባንገባ ይሻላል። ተነጋገሩበት።»

አንዳንዶቹ ሯጮች ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ። ክቡ ሊበተን ነው። ዱርሲቱን ከሁሉ ያስፈራት እሱ ነበር፤ ዲሪባ ሳይሆን፣ የዲሪባን ቃል አምኖ የሚሄደው ደግ ሰው። ያ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ቀን እዚህ ሜዳ ላይ ሊደገም ነው።

«ሶያማ» አለች። «የኤቢሴ የፊት ጥርስ ለምን እንደሌለ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«ወድቄ ነው ያለችኝ።»

«አልወደቀችም። ይሄ ሰው በሩን ቆልፎ ነው ያረገፈው። አልታመመችም፤ ሸሽታው ነው። የት እንዳለች ከነገራችሁት በሩን እንደገና ይቆልፋል።»

ሶያማ ዲሪባን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ ከዱርሲቱ አጠገብ ቆመች። ሌላ ልጅ ተከተላት፣ ከዚያ ሌላ። ወደ ኋላ ያሉት ተመለሱ። የነካው ሰው አልነበረም፤ ግን ክቡ ጠበበ፤ የእነዚያ ሁሉ ልጆች ትንፋሽ በብርዱ ውስጥ ይጨሳል። አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠራረገና እጁን ዘረጋ። «ስልኩን አምጣው ወንድሜ። የልጅቷን ክንድም አይቻለሁ። በዚህ ይብቃህ።»

ዲሪባ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት፤ አልወረወረም፣ አልተሳደበም። ኮቱን አስተካክሎ ወደ ፒካፑ አመራ። መንገዱ በቪትዟ በኩል ነበር።

ዱርሲቱ ከቆመችበት ሆና ሲሄድ ታየው ነበር። ቪትዟ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የዕድላዊትን መስታወት በጣቱ አንኳኳ። ከኋላ ወለሉ ላይ፣ ከጃኬቱ ሥር፣ ኤቢሴ አለች።

ዕድላዊት መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። በኋላ እንደተናገረችው፣ ያን ያደረገችው ባታደርገው ይጠረጥራል ብላ ነው።

«የብይ ሱቅ ባለቤት አይደለሽም?» አላት። «በማስታወቂያው ላይ አይቼሻለሁ። ጎበዝ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ያስከፈላችሁኝ ነገር ግን ቅድም ድንገት ጠፋብኝ። ከፍያለሁና አስተካክሉልኝ እንጂ።»

«እሺ» አለች ዕድላዊት።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ፒካፑ ዞሮ፣ ጭቃውን እየረጨ፣ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ።

ዱርሲቱ ሮጣ ስትደርስ ዕድላዊት ማርሹን ለማስገባት ሞከረችና አቃታት። ከኋላ ጃኬቱ ይነቃነቃል፤ ኤቢሴ እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅ አታሰማም፤ ያለ ድምፅ ማልቀስን የተማረችው ሰበታ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። አንዲት ሴት ፖሊስ የኤቢሴንም የሶያማንም ቃል ተቀበለች፤ የሶያማ ክንድ ላይ የቀረውን የጣት ምልክት በስልኳ አነሳች። ዲሪባ ተጠራ፤ ቀረበ፤ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ጉዳዩ አሁንም በቀጠሮ ላይ ነው። ኤቢሴ ግን ሱሉልታ ውላ አላደረችም። አሁን ያለችበትን ከተማ እዚህ መናገር አይገባም፤ ይህን ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። ገበጣውን ከነስሙ ከስልኳ ላይ አጠፋችው። እስከ ዛሬ ያሸነፈችው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ዱርሲቱ አመሻሽ ላይ እጇ ልማዱን አልተወም፤ ጌሙን ይከፍታል፤ የሚገጥማት ግን የማታውቀው ሰው ነው።

ቢሮው ውስጥ ደግሞ ሦስቱ እንደገና ተቀመጡ። ቢንያም አባልነቱ ከነሥሩ ይነቀል አለ። ዕድላዊት አልተስማማችም። «ሱቁ ይኑር ካላችሁ የሚያኖረው ያስፈልገዋል» አለች። «ቅርብ ሰው ይጥፋ፤ ቢመጣም በእኔ ሬሳ ላይ ነው። ማስታወቂያ አለማየትን፣ አዲስ ጌም ቀድሞ ማግኘትን እንሽጥ። ሌላ ምንም።»

«ነገ ሲከስር?» አለ ቢንያም።

ዕድላዊት ወደ ዱርሲቱ ዞረች። ዱርሲቱ ስትጠየቅ ምን እንደምትል ሌሊቱን ስታስብ አድራ ነበር፤ ያሰበችው ሁሉ ግን ጠፋባት። «የምንጨምረውን ነገር ሁሉ» አለች፤ «መጀመሪያ ዲሪባ ገዛው ብለን እናስብ። ከዚያ እንወስን።» ያም ተጻፈ፤ ቅርብ ሰውም ለሁሉም ተዘጋ።

የዱርሲቱ ፍርሃት ግን አዲስ መልክ ያዘ። ከተዘጋ በኋላ ቢጫው ምልክት ደጋግሞ መብራት ጀመረ። የከፈልኩበት ነገር የት ገባ የሚሉ አባላት ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ የሰፈር ቡድናቸው ተበትኖባቸው ይናደዳሉ፤ ይቅርታ ስትጠይቃቸው ያልፋሉ። አንዳንዱ ድምፅ ግን ሌላ ነው። «የምፈልጋት አንዲት ሰው ነበረች» ይላል። አንዱ ከሰበታ ይደውላል፣ አንዱ ከፉሪ፣ አንዱ ከየት እንደሆነ አይናገርም። ድምፃቸው ጨዋ ነው። ዱርሲቱ እያንዳንዱን ስታዳምጥ፣ ይሄኛው ቁልፉን ኪሱ ይከታል ወይስ አይከትም ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ ከድምፅ ደግሞ አይታወቅም።

ባለፈው ሳምንት የደወሉት አንድ አዛውንት ነበሩ። የፕሪሚየሙን ነገር የጎረቤት ልጅ እንዳስተካከለላቸው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሴት ልጄ ከቤት ከወጣች ክረምቱ አለፈ» አሏት። «ያንን ገበጣ ትወድ ነበር፤ ከእኔም ጋር ትገጥም ነበር። ወለቴ ሱቅ የሚባለው ሰፈር ናት ይለኝ ነበር ስልኩ፣ ቅርብ ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ጠፋ። አንድ ጊዜ ብቻ አይተሽ ንገሪኝ፤ በሕይወት መኖሯን ልወቅ።»

«አባቴ፣ እኛ ልንነግርዎ አንችልም» አለች ዱርሲቱ። «ፖሊስ ጋ ሄደው ያመልክቱ። እነሱ በሕግ ከጠየቁን—»

«ፖሊስማ ምን ይለኛል? አባቷ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ አባቴ» አለች፤ ግን አታውቅም ነበር። ለምን ወጣች ብላ ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ መልሱን የሚነግሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸውና ጥያቄውን ዋጠችው። አዛውንቱ ማልቀስ ጀመሩ። የእውነት ለቅሶ ነበር። ዲሪባም ቢያለቅስ እንዲህ ያለቅስ ይሆናል።

ስልኩን የዘጉት እሳቸው ናቸው። ዱርሲቱ ማዳመጫውን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። አንዲት ልጅ ከክፉ ሰው አድና ይሆናል፤ አንድ አባት ከልጁ ለይታ ይሆናል። የትኛውን እንዳደረገች የሚነግራት ሰው የለም።

ቢጫው ምልክት ደግሞ በራ።